በባሌስትራው ላይ የተጻፈ ስም

አትባራ፣ ረጀብ 3

ለወንድሜ ለሙዘሚል፣

ሰላምታዬ ከባሕሩ ወበቅ ቀድሞ ይድረስህ። እኔ ደህና ነኝ። አሮጊቴ ሲትና ደህና ናት። ረዳቴ ኸሚስም ከነመዶሻው ደህና ነው። ደህና ያልሆነውን ነገር ሳልነግርህ ላልፍ ነበር፤ አንተ ግን ፊት ለፊት ከጠየቅኸኝ ምን አደርጋለሁ።

የሰማኸው እውነት ነው። ማን እንደነገረህም አውቃለሁ፤ ያ ሹፌር ልጅህ ታጁዲን አፉ እንደ ወናፍ ነው፣ አያርፍም። ግራ እጄ ነው። የአንድ አሮጌ ሎሪ ባሌስትራ ስፈታ ማሰሪያው አመለጠኝና ተደራርበው የታፈኑት ዝርግ ብረቶች ተፈናጠሩ። ሦስት ጣቶቼ እዚያው ቀሩ። አውራ ጣቴና ትንሿ ጣቴ አሉ፤ ሲትና ግን «እነሱማ ጨው ለመቆንጠር እንኳ አይገናኙም» ትላለች። ስታለቅስ ውላ ነው እንዲህ የምትቀልደው። ቁስሉ ሽሯል፤ ልምጣ ብለህ እንዳትነሣ።

የሚያንገበግበኝ ጣቶቼ አይደሉም። መዶሻውን በቀኜ እይዛለሁ፤ ነጥብ መምቻውን ፓንች ማን ይያዝልኝ? ነጥብ ያልተመታበት ብረት ላይ መሰርሰሪያ እንደ ሰካራም እንደሚንሸራተት ታውቃለህ። ኸሚስ ይያዝልኝ ብዬ ሞከርን። ኸሚስ የጋለ ብረት በጉጠት ይዞ ቢውል እጁ አይንቀጠቀጥም፤ ፓንች ሲይዝ ግን የኔን መዶሻ እያየ ዐይኑን ይጨፍናል። ቀዳዳው ከመስመሩ ፈቀቅ አለ፣ አክስሉ ጠሞ ተቀመጠ፣ ሎሪዋም እንደ ውሻ በጎኗ መሄድ ጀመረች። ባለቤቷ ገበያ መሐል ቆሞ «ኡስታ ኸድር ሎሪዬን ፊቷን ወደ ቂብላ አዙሮ አስረከበኝ» እያለ መሳቂያ አደረገኝ።

ዕድሜ ልኬን ኡስታ፣ የብረት ጌታ፣ እየተባልሁ ኖርሁ። ነጥብ መምታት ያቃተው ሰው ኡስታ አይባልም፣ ሽማግሌ ነው የሚባለው። ይህ ከሚሆን እጄ ከነክንዱ በሄደ ይሻለኝ ነበር።

ታጁዲን እንዳወራኝ ከሆነ፣ መዶሻ የማይፈልግ፣ በአንድ እጅ ሲጫኑት ራሱ የሚመታ ፓንች አለ፤ ወደብ ላይ መርከብ የምትጠግኑት ሰዎች ኪሳችሁ ውስጥ ትይዙታላችሁ። እውነት ከሆነ ፈልግልኝ። ውሸት ከሆነ ዝም በል፤ ተስፋ የሚያስቆርጥ ደብዳቤ አልፈልግም።

ወንድምህ ኸድር

*

ፖርት ሱዳን፣ ረጀብ 19

ይድረስ ለጋሼ ኸድር፣

እንደምን ሰነበቱ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የታጁዲን እናት አዋድያ «ስለ እጅዎ ስሰማ ዱቄት እያቦካሁ ነበር፣ ሊጡን ትቼ ተቀመጥሁ» ብላለች። እኔ ምን እንደሆንሁ አልጽፍልዎትም፤ ብጽፍ «ሴት ሆነሃል» ይሉኛል።

ስለ መዘግየቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ነገሩ እውነት ነው፤ ፓንቹ አለ። የዘገየሁት መጥፎውን ከጥሩው እስክለይ ነው። ከወደቡ ጀርባ ያለው ገበያ እንደ ሙሽራ ጌጥ በሚያብረቀርቁ ፓንቾች ተሞልቷል። የመጀመሪያውን ገዝቼ ስሞክረው ጥቂት ሠርቶ ውስጡ ያለው ጥቅል ሽቦ ተኝቶ ቀረ፤ ብጫነው ብጫነው ዝም። ሁለተኛው ይመታል፣ ጫፉ ግን ተራ ላሜራ ላይ እንደ እንጉዳይ ተደፈጠጠ። ሦስተኛው አንዴ ይከብዳል፣ አንዴ ይቀላል፤ እንደ እብድ ሰው ቁጣ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። ሻጩን «ይሄ ምንድነው?» ብለው «አንተ ምን ቸኮልህ፣ ይለምድሃል» አለኝ።

የላክሁልዎትን ያገኘሁት ከአንድ የውጭ መርከብ መካኒክ ነው። ከባድ ነው፤ ክብደቱ ከጥሩ ብረት መሆኑን እጅ ላይ ሲይዙት ያውቁታል። ገላው እንዳያንሸራትት ተጫጭሯል፣ ላብ ያለው እጅም ይይዘዋል። ጫፉ ሲደነዝ ተፈቶ ይቀየራል፤ ሁለት ትርፍ ጫፍ በጨርቅ ጠቅልዬ አስቀምጫለሁ። አናቱ ላይ ያለውን ቆብ ሲያጠብቁት ምቱ ይከብዳል፣ ሲያላሉት ይቀላል። በአንድ ቁራጭ ብረት ላይ በረድፍ መታሁበት፤ ነጥቦቹን በጥፍሬ ብዳስስ አንዱ ከአንዱ አይለይም።

አጠቃቀሙን ታጁዲን እንዳያጣምመው እኔው ልንገርዎት። መስመርዎን በመጫሪያ ያስምሩ፤ ጫፉን ሁለቱ መስመሮች ሲገናኙ በሚፈጥሩት ጎድጓዳ ላይ ያሳርፉት፣ ራሱ ቦታውን ያገኛል። ቀጥ አድርገው ያቁሙት፣ ከዚያ ሳይቸኩሉ ይጫኑ። ሲመታ ድንገት ነው፤ መጀመሪያ እጅ ያስደነግጣል። አስቀድመው ቆቡን አላልተው ቀላል ነጥብ ይምቱ፤ ቦታው ልክ ከሆነ አጥብቀው ይድገሙት። ከኋላው በመዶሻ እንዳይመታ፤ ኸሚስን ይጠብቁት። ሲስሉት በድንጋይ ቀስ ብለው፣ ውሃ እያስነኩ፤ ከጋለ ጥንካሬው ይጠፋል።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር ብዬ ጽፌ ሰረዝሁት። ብረትን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፣ ለአስተማሪ ማስተማር ነውር ነው። ወረቀቱ በቀለም ስለተበላሸ ይቅርታ፤ የተሰረዘውን መስመር አይዩት።

ፓንቹን ታጁዲን ያመጣልዎታል። ሚስቱ ደግሞ ቀኗ ተቃርቧል፤ ለአያትነት እየተለማመድሁ ነው።

ታናሽዎ ሙዘሚል

*

አትባራ፣ ሻዕባን 4

ለሙዘሚል፣

እንኳን ለአያትነት አበቃህ! በቱል ተባለች አሉ። ዕድሜዋ ይርዘም፣ መልኳ ወደ አንተ እንዳይሄድ አላህ ይጠብቃት።

ስለ ዕቃው ጠየቅኸኝ። ምን ልበልህ? ስጫነው «ጠቅ!» አለ፣ እኔም ጮኽሁ። ኸሚስ መዶሻውን ጥሎ «ኡስታ፣ ውስጡ ጂን አለበት!» ብሎ በር ላይ ቆመ። እስካሁንም በእጁ አይነካውም። በቀኜ ብቻ! ግራዬ ኪሴ ውስጥ ተቀምጣ ታየኛለች። የመጀመሪያውን ቀዳዳ ስሰረስር መሰርሰሪያው እንደ ታዘዘ ሎሌ በነጥቡ ላይ ቆመ። ያ በገበያ የሳቀብኝ ሰውዬ ሎሪውን መልሶ አመጣና አቃናሁለት፤ አሁን ቀጥ ብላ ትሄዳለች፣ ሰውዬው ራሱ ግን አሁንም ጠማማ ነው። ሹፌሮች ሻይ ይዘው እየመጡ «እስቲ አንዴ አስጮኸው» ይሉኛል። ስሜ ተመለሰልኝ፣ ሙዘሚል። ይህን ውለታ የምከፍልበት ጣት የለኝም።

የሰረዝኸውን መስመር ፀሐይ ላይ ይዤ ላነበው ሞከርሁ፣ ቀለም አብዝተህበታል። ምን ልታስተምረኝ ነበር አንተ ልጅ? ብረት ማጥበቂያው ሞርሳ ጋ ለመድረስ ሳጥን ላይ ትቆም የነበርህ!

የልጅህን ሎሪ የፊት ባሌስትራ አየሁለት፤ ላይኛው ዝርግ ብረት ደክሟል። እኔና ኸሚስ አዲስ ሠራንለት። ብረቱን አግለን እስኪለሰልስ አሳርፈነው፣ ቀዳዳውን ከሰረሰርሁ በኋላ ታጁዲን አጠገቤ ቁጢጥ አለና «አጎቴ፣ ሁሉም ሹፌር የልጁን ስም በጎን እንጨቱ ላይ በቀለም ያጽፋል። የኔን አሸዋ ይልጠዋል። አንተ በብረት ጻፍልኝ» አለኝ። «ብረት ላይ ስም የሚጻፈው ለንጉሥ ነው» አልሁት። «እሷስ ምን አነሳት?» አለ። የበቱልን ስም ከብረቱ አንዱ ዳር እስከ ሌላው ዳር በነጥብ ጻፍሁለት፤ አጠጋግቼ፣ ቆቡን አጥብቄ፣ እንዳይጠፋ። ከዚያ ወደ እሳት፣ ከእሳት ወደ ዘይት። ጎንበስ ባለ ቁጥር ስሟን ያያል።

የድሮ ምልክቴን ታስታውሳለህ፤ በታችኛው ብረት ጫፍ ላይ ሦስት ነጥብ። ለሦስቷ በመዶሻ ያልበኝ ነበር። አሁን ሙሉ ስም ጽፌ ግንባሬ ደረቅ ነው። በመዶሻ ዘመን ስስታም ነበርሁ፤ ይኸው በስተርጅና ለጋስ አደረግኸኝ።

ወንድምህ ኸድር

*

አትባራ፣ ሻዕባን 22

ለሙዘሚል፣

ደብዳቤህ ደረሰኝ፤ ደብዳቤ ከተባለ። ሰላምታ የለው፣ የበቱል ጤና የለው፣ ጥያቄ ብቻ። ፖሊስ እንኳ ሲጠይቅ መጀመሪያ «እንዴት ዋልህ» ይላል።

እሺ፣ እንደ ቅደም ተከተልህ ልመልስ። አዎ፣ ላይኛው ብረት ላይ ነው። አዎ፣ ወርዱን ይዞ ነው የተጻፈው። አዎ፣ ከእሳቱና ከዘይቱ በፊት ነው። ጥልቀቱ? ጥፍር የሚይዝ። በቃህ?

«ሎሪዋ እንዳትንቀሳቀስ፣ ብረቱ ይፈታና ይላክልኝ» ማለትህ ግን ምን ማለት ነው? ምክንያቱን እንኳ ሳትጽፍ! የኔን ሥራ ልትፈትሽ? ጣቶቼ ሲቆረጡ እውቀቴም አብሮ የተቆረጠ መስሎህ ይሆናል። እናታችን ስትሞት በጉልበቴ ላይ አስቀምጬ ያሳደግሁህ፣ ሞረድ አያያዝ ያስተማርሁህ እኔ ነኝ። የመርከብ ብረት ስለነካህ አለቃዬ ሆንህ?

ሲትና «አትቆጣ፣ ፈርቶ ይሆናል» ትለኛለች። ምን ያስፈራዋል? ነጥብ ነው። መዶሻ እንኳ አልነካውም።

ለማንኛውም ዘግይተሃል። ታጁዲን ትናንት ሽንኩርት ጭኖ ወደ አንተ ወጥቷል። ሲደርስ ራስህ ጎንበስ ብለህ እየው፤ ከዚያ የይቅርታ ደብዳቤ ትጽፍልኛለህ። እጠብቃለሁ።

ኸድር

*

ፖርት ሱዳን፣ ረመዳን 9

ይድረስ ለጋሼ ኸድር፣

በሰላም መግባትዎን ሰማሁ፣ አልሐምዱሊላህ። በዚያ ሙቀት፣ በዚያ ባቡር፣ ለልጄ ለቅሶ ስለመጡ አላህ ይክፈልዎት። በለቅሶው ቀን ከግቢው የጠፍር አልጋ ተነሥተው ወደ ወንዶቹ ድንኳን እንዲሄዱ ስጎተጉትዎ ተቆጥተውኝ ነበር። «እዚህ ጥላ ነው፣ ተወኝ» አሉኝ። ይቅር ይበሉኝ፤ ሐዘን ሰውን ያቅበዘብዛል።

አዋድያ ትበላለች፣ ግን ስትበላ አታውቀውም። የታጁዲን ሚስት ሕፃኗን ይዛ እኛ ጋ ናት። በቱል የአባቷን አገጭ ይዛለች። ስታለቅስ አንሥቼ እይዛታለሁ፤ ስሟን ለመጥራት ግን አፌ አልታዘዝ ብሎኛል።

በጥያቄዎ ላይ። ረዳቱ ኦኑር እግሩ ተሰብሮ ተኝቷል፣ ብዙ አይናገርም። የሲንካትን ቁልቁለት እየወረዱ ሳለ ጎማ ፈነዳ ነው የሚባለው። መሪው እምቢ አለ። ሎሪዋ ገደል ገባች። ታጁዲን ብዙ አልተሠቃየም ይላሉ፤ እኔም አምኛለሁ።

ስለ ባሌስትራው ደግመው ጠይቀውኛል። እሱ ደህና ነበር። ሥራዎ ደህና ነበር። ብረቱን ሁሉ ቁርጥራጭ የሚገዙ ሰዎች ወስደውታል፣ እኔ ጋ የቀረ ነገር የለም። ያን ቀን የላክሁት ጥያቄም የሰነፍ ጥያቄ ነበር። ይርሱት። አላህ የወሰነውን ብረት አይመልሰውም።

ታናሽዎ ሙዘሚል

*

አትባራ፣ ረመዳን 20

ለወንድሜ ለሙዘሚል፣

አላህ ያጽናህ። ደብዳቤህን ካነበብሁ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ወሰደኝ። አሁን ልንገርህ፤ ከለቅሶው ስመለስ መንገዱን ሙሉ ያ ጥያቄህ ጆሮዬ ውስጥ «ላይኛው ብረት ነው? ከእሳቱ በፊት ነው?» እያለ ከባቡሩ ጋር ሲንኳኳ ነበር። ሱቄን ዘግቼ ሰነበትሁ። ፓንቹን በጨርቅ ጠቅልዬ ከሣጥን ሥር አስገብቼው ነበር። ሲትና «ምን ሆነሃል?» ስትለኝ ፆሙ ነው አልኋት። ጎማ መሆኑን ስትጽፍልኝ፣ ሙዘሚል፣ አለቀስሁ። በልጁ ሞት ላይ መደሰት ይመስላል፤ አይደለም። ገዳዩ እኔ አለመሆኔን አንተ፣ አባቱ፣ በእጅህ ጻፍህልኝ።

ስለዚህ ሱቁን ከፈትሁ። ለነፍሱም አንድ ነገር ማድረግ ፈለግሁ። እኔ ሀብታም አይደለሁም፣ በሬ አርጄ ሰው አልጠራ። እጄ የሚያውቀውን ሰጠሁ። የታጁዲን ጓደኞች አራት ሎሪዎች ለዒድ ጉዞ ሲዘጋጁ የፊት ባሌስትራቸውን ላይኛውን ብረት ያለ ዋጋ አዲስ አድርጌ ሠራሁላቸው፤ በእያንዳንዱም ላይ የልጃችንን ስም ጻፍሁ። «ያየው ሁሉ ለነፍሱ ፋቲሓ ይቅራለት» አልኋቸው። እንደ በቱል ስም፣ ከዳር እስከ ዳር። ቢሻራን ታውቀዋለህ፣ ያ ረጅሙ፣ የታጁዲን ባልንጀራ፤ ስሙን በጣቱ እየዳሰሰ አለቀሰ። «ኡስታ፣ አሁን ብቻዬን አልነዳም» አለኝ። እሱ ለዒድ እናቱን ጨምሮ ተሳፋሪ ይዞ ወደ አቡ ሐመድ ይወጣል። ሌሎቹም እንዲሁ ይዘጋጃሉ።

ሌሎች ሹፌሮችም ሰምተው እየመጡ ነው። ከዒድ በኋላ ለጠየቀኝ ሁሉ እጽፋለሁ። ስሙ በመላው ሱዳን ይዞራል።

ለመቃብሩ ደግሞ ቆርቆሮ እየቆረጥሁ ነው። ስሙን በነጥብ እጽፍበታለሁ። የሞተበትን ቀን በትክክል ላክልኝ።

ወንድምህ ኸድር

*

ፖርት ሱዳን፣ ረመዳን 25

ጋሼ፣

ሎሪዎቹን ያስቁሙ። ዛሬ ጧት ቴሌግራም ልኬያለሁ፤ ይህን ደብዳቤ ደግሞ በማውቀው የባቡር ሠራተኛ እጅ እልካለሁ። የትኛው ቀድሞ እንደሚደርስዎ አላውቅም። ይህን ሲያነቡ ካልቆሙ፣ ማንበብዎን ትተው ይሂዱ።

ጎማ አልፈነዳም። የዋሸሁዎት እኔ ነኝ፤ ኦኑር ምንም አላለም፣ ዝም በል ያልሁት እኔ ነኝ።

ላይኛው ብረት ነው የተሰበረው። በስሟ ላይ ነው የተሰበረው፤ ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው፣ ነጥብ ነጥቡን ተከትሎ። ስብራቱን አየሁት። ግማሹ ነጭ ነው፣ አዲስ። ግማሹ ጥቁር ነው፣ የዘይት ጥቁር። ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ ይልቅ ያውቃሉ፤ ብረቱ መንገድ ሳይነካ፣ ገና ከእሳት ወጥቶ ዘይት ውስጥ ሲገባ በነጥቦቹ ሥር ተሰንጥቆ ነበር። ሎሪዋ ቁልቁለቱ ላይ ስትደርስ የቀረው ግማሽ አልቻለም፤ አክስሉ ወደ ኋላ ሸሸ፣ መሪውም አብሮ ሄደ።

ብረቱን የወሰደው የለም። በለቅሶው ቀን እርስዎ የተቀመጡበት የጠፍር አልጋ ሥር በጆንያ ተሸፍኖ ነበር። እግርዎ ሲነካው አይቻለሁ።

የሰረዝሁት መስመር ይህ ነበር፦ «ጭነት በሚሸከም ብረት ላይ፣ ከሚሰረሰረው ቀዳዳ በቀር፣ በዚህ ፓንች ነጥብ አይምቱ።» መርከብ ላይ ይህን የሚያደርግ ሰው ይባረራል። ግን ከማን ነው የሰማሁት መጀመሪያ? ልጅ ሆኜ ሞረድ ባሌስትራ ላይ ብጥል በጥፊ መትተው «ባሌስትራ ጭረት አይወድም!» ያሉኝ እርስዎ ነዎት። ያስተማሩኝን መልሼ ላስተምርዎት አፈርሁ። ስሟን እንደጻፉበት ሲነግሩኝም «አደጋ ነው» ብዬ መጻፍ ሲገባኝ በጥያቄ ዞርሁ፤ ቀጥታ ብናገር ክብርዎ ይነካል ብዬ። ልጄን ከወንድሜ ኩራት አሳነስሁት።

ከዚያ በኋላ ለምን ዝም አልሁ? ታጁዲን ሞቷል፤ እውነቱ አያነሣውም አልሁ። እርስዎ ግን አሉ። ከጣቶችዎ በኋላ የቀረዎት ስምዎ ነው፤ እሱን እኔ ላጥፋ? አዋድያ እንኳ አታውቅም። እንዲህ ሆኖ ይቅር ብዬ ነበር።

አሁን ፖስታ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጬ ነው የምጽፈው። የፖስታ ቤቱ ሰውዬ የቴሌግራሙን ቴምብር ከሉኩ ላይ በተበሳሱት ነጥቦች አጥፎ በሁለት ጣት ቀደደልኝ። መቀስ አላስፈለገውም። እዚያው እንደቆምሁ እንባዬ መጣ፤ ሰልፉ ላይ ያሉት «ምን ሆነ ሰውዬው?» ይባባላሉ።

ጋሼ፣ ይሂዱ።

ሙዘሚል

*

አትባራ፣ ሸዋል 9

ለሙዘሚል፣

ቴሌግራምህ ቀድሞ ደረሰኝ፣ ደብዳቤህ ኋላ። «ሎሪዎቹን አስቁም» ይላል፣ ለምን አይልም። ለምን እንደሆነ ግን እግሬ ያውቅ ነበር፤ ሳላነብ ጨርሼ ነው የሮጥሁት።

ሦስቱን መናኸሪያ ውስጥ አገኘኋቸው። ጭነው ነበር። «አውርዱ፣ ብረቱ ይፈታ» አልኋቸው። «ኡስታ፣ ፆም አናትህ ላይ ወጣ እንዴ? ለዒድ ልንገባ ነው!» ብለው ሳቁብኝ። አንዱ ሞተሩን አስነሣ። ከጎማው ፊት ተኛሁ። ከዚያ በኋላ ሳቁ ቆመ። ተነሥቼ በሰው ሁሉ ፊት ተናገርሁ፦ የታጁዲንን ሎሪ የሰበረው የኔ ሥራ ነው፣ ስም የተጻፈበትን ባሌስትራ ሁሉ ፍቱ፣ ገዳይ ነው። አንድ ሰው «አስታግፊሩላህ» አለ። ሌላው ትኩር ብሎ ግራ እጄን አየ። እኔና ኸሚስ ፈታናቸው። ስንጥቅ የጠጣውን ዘይት ጠመኔ ያወጣዋልና፣ በዘይትና በጠመኔ አሸን ፈተሽኋቸው፤ ከሦስቱ ሁለቱ ተሰንጥቀዋል።

ቢሻራ ግን ቀድሞ ወጥቶ ነበር።

አዲስ ብረት፣ ምንም ያልተጻፈበት፣ ይዤ በጨው ሎሪ ላይ ተሳፍሬ ተከተልሁት። ዒድ በረሃ ላይ ዋለብኝ። አቡ ሐመድ ሳልደርስ ሎሪዋን ደረቅ ወንዝ ውስጥ በጎኗ ተኝታ አየኋት። ጎንበስ ብዬ ማየት አላስፈለገኝም፣ ግን አየሁ። በልጅህ ስም ላይ ነው የተሰበረው።

ቢሻራ ተርፏል፤ ደረቱ ተጎድቷል። ከላይ የነበሩት ተሳፋሪዎች ተፈናጥረው አሸዋ ላይ ስለወደቁ ተርፈዋል። ጋቢና ውስጥ አጠገቡ የነበረችው እናቱ ኑራ ሞተች። ሐኪም ቤት ገብቼ ሳየው እጄን ያዘ። የተቆረጠውን። «ኡስታ፣» አለኝ፣ «የታጁዲን ስም ባይኖርበት ሁላችንም እናልቅ ነበር። አንተ ነህ ያተረፍኸን።» ሊስመኝ ሞከረ። ሙዘሚል፣ ያን ጊዜ ዝም ማለት እንዴት እንደሚጣፍጥ አወቅሁ። አንተ የቀመስኸውን ቀመስሁት። አንድ ቃል ሳልናገር ብወጣ እሱ ዕድሜ ልኩን ይመርቀኝ ነበር።

ነገርሁት። እጄን ለቀቀና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እስክወጣ አልተመለሰም።

አሁን ለአንተ። ስለ ልጅህ ይቅርታ ልለምንህ ብዕር ባነሣሁ ቁጥር ወረቀቱን እቀደዋለሁ። መዶሻ ስለሌለው ምት አልመሰለኝም፤ ከዚህ ሌላ ምክንያት የለኝም፣ ይህም ምክንያት አይደለም። እዳው የኔ ነው፣ አላህ ፊት ተሸክሜው እቆማለሁ።

ኑራን ግን ለሁለት ነው የምንሸከማት። ለቅሶው ቀን ጆንያውን ገልጠህ ብታሳየኝ እሰበር ነበር። ልሰበር! የተሰበረ ሽማግሌ ማንንም ገደል አይከትም። አንተ ለኔ ስም አዘንህ፤ ለሷ ማን ይዘን? በደብዳቤህ «ሥራዎ ደህና ነበር» ብለህ እጄን ፈታህልኝ፣ እኔም በተፈታ እጄ ደገምሁት። ይህን የምጽፈው ልወቅስህ ብቻ አይደለም። ከአንተ ሌላ የምነግረው ሰው የለኝም።

ሱቁን ለኸሚስ ሰጥቻለሁ። ነጥብ መምታት ይማራል፤ ዐይኑን መጨፈን ትቷል። መንገድ ላይ ስሄድ ኡስታ የሚለኝ የለም፣ ደህና ነው። ሲትና ሰላም ትልሃለች። አዋድያ እውነቱን ከአንተ አፍ ትስማ፤ በቱልም ስታድግ ትስማ። ስሟን ጥራት፤ ስሟ ምን አደረገ?

ከዚህ ደብዳቤ ጋር በላክሁልህ ሣጥን ውስጥ የመቃብሩን ቆርቆሮ ታገኛለህ። ቀጭን ስለሆነ ቆቡን አላልቼ ነው የመታሁት። እንዲሁ ያለ አንድ ሌላ ሠርቼ አቡ ሐመድ ኑራ ራስጌ ተክያለሁ። ስም የሚጻፍበት ብረት ምንም የማይሸከመው ብቻ ነው። ሁለት ነው የሠራሁት፣ ሦስተኛ አልሠራም።

ፓንቹም እዚያው ውስጥ ነው፣ ከነትርፍ ጫፎቹ። አልደነዘም፣ ምቱም ያው ነው። ጥሩ ዕቃ መርጠህልኝ ነበር።

ኸድር